የቦዬዋን ክሬን ጭንብል ስሰራ የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ሚያዝያ 13፣ 2017፣ የፋሲካ ማግስት

ላባ መሰብሰብ። የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበባቸው ሰኔ መጨረሻ ላይ እዚሁ ጅማ ስላለው ስለ ቦዬ ረግረግ ድራማ ያሳያል፣ እሷ ደግሞ ወፏን ሆና እንድትጫወት ተመርጣለች። ወፏ ዘውድ ያላት ጥቁሯ ክሬን ናት። ሰፈራችን ብዙ ሰው ዝም ብሎ ሽመላ ይላታል ግን ሽመላ ሌላ ነው፣ ይቺ አናቷ ላይ ወርቃማ ዘንግ ዘንግ ያለ ነገር እንደ ዘውድ የቆመላት ናት። "ጋሼ አንተ ስራልኝ" አለችኝ፣ እሺ አልኳት። ጭንብል ሰርቼ አላውቅም፣ ኮፒ ቤት ስለምሰራ መቁረጥና መለጠፍ ብቻ ነው የምችለው፣ ለዛ ነው ከመጀመሪያው ጀምሮ እየጻፍኩ የምሄደው።

ከፋሲካ የጀመርኩት ላባ በነፃ የሚገኘው አሁን ስለሆነ ነው። ቅዳሜ በየቤቱ ዶሮ ታርዷል። ኮቺ ሰፈር ውስጥ ስድስት ቤት ዞሬ ሁለት ፌስታል ሙሉ አመጣሁ፣ ግን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፣ ምክንያቱም ዶሮው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ስለሚነጭ ላባው እርጥብ ሆኖ ተጨማዶ ከአመድና ከቆሻሻ ጋር ነው የተጣለው፣ ሁለት ቀን ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ደግሞ ሸቷል። ግማሹን ጣልኩት። ጎረቤታችን ያሉት እማማ ብቻ በሐሙሱ ነግሬያቸው ስለነበር ከመንከራቸው በፊት የአንገቱንና የጀርባውን በደረቁ ነቅለው በጋዜጣ ጠቅልለው አስቀምጠውልኛል። የሳቸው አንድ ጥቅል ከሁለቱ ፌስታል ይበልጣል። አንድ ቀይ ገብስማና አንድ ነጭ ዶሮ ነው።

ሚያዝያ 14

ማጠብ። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ አንድ እፍኝ ኦሞ፣ ሳላሽ ወደ ታች እየደፈቅኩ ብቻ። ማሸት የላባውን ጭራ ይሰብረዋል። አራቴ ውሃ ቀየርኩ፣ አራተኛው ላይ ሽታው እንዲለቅ አንድ ሲኒ አቼቶ ጨመርኩበት።

ማድረቅ ላይ ተሳሳትኩ። ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ግቢ አወጣሁት፣ እርጥብ እያለ ምንም አልሆነም፣ ሲደርቅ ግን ንፋስ መጣና የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ሳይቀር በተነው። ለቅሜ እንደገና አጠብኩ። አሁን መረብ ያለው የሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ከትቼ ጣሪያ ክፈፍ ስር ጥላ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ በየሰዓቱ አራግፈዋለሁ፣ በጣም አሪፍ ነው።

ሲደርቅ ግን የተጨማደደው እንደተጨማደደ ነው። እዚህ ላይ የረዳኝ ጀበና ነው። ጀበናው ውስጥ ውሃ ብቻ አድርጌ ከሰል ላይ ጣድኩት፣ ሲፈላ እንፋሎቱ በጠባቡ አፉ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ላባውን ከስሩ በወረንጦ ይዤ እንፋሎቱ ላይ አምስት ስድስት ሰከንድ ሳቆየው የተጣበቀው ፀጉር አንድ በአንድ ይላቀቅና ይነፋል። ከዛ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ከስር ወደ ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት እንደ ዚፕ ይገጥማል። ላባ ጎን ለጎን ያሉት ፀጉሮች በጥቃቅን መንጠቆ ስለሚያያዙ ነው፣ መንጠቆው ካልተሰበረ የተበላሸ የሚመስል ላባ ይመለሳል። ማታ ቁጭ ብዬ ወደ 200 የሚሆን ላባ እንዲህ አደረግኩ፣ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ሆና ስትቆጥር።

ከዛ በአራት ካርቶን ለየሁ፦ የአንገት (ቀጭን፣ ጫፉ ሹል)፣ የጀርባ፣ የክንፍ፣ የሆድ ለስላሳው። የክንፍ ላባ ግራና ቀኝ አለው፣ ወደ አንድ ጎን ነው የሚታጠፈው፣ ከተደባለቀ ሲለጠፍ ይቃረናል፣ ስለዚህ እሱንም ለብቻ ለብቻ።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

የጅማው መርካቶ ወረድኩ። የገዛሁት፦ የሙቅ ሙጫ ሽጉጥ 650 ብር፣ ስቲኩ አንዱ 25 አስር ወሰድኩ፣ የእንጨት ኮላ ግማሽ ኪሎ 180፣ የወረቀት ፕላስተር ሁለት 140፣ ጥቁር ነጭና ቀይ አክሪሊክ እያንዳንዱ 90፣ ብርጭቆ ወረቀት ሁለት 60። ካርቶን ከሥራ ቦታ አለኝ፣ የወረቀት ካርቶን ጠንካራ ነው።

ሽጉጡ ውድ ነበር፣ ለመከራየት ሞክሬ አላገኘሁም። በኋላ እንዳየሁት ያን ያህል አላስፈለገኝም፣ መጀመሪያ ኮላ ብቻ ገዝቶ መጀመር ይሻላል።

ሚያዝያ 20

የራስ ልክ። መጀመሪያ ፊኛ ነፍቼ እሱ ላይ ወረቀት ልደራርብ አሰብኩ፣ ፊኛው ግን ማታ ሲበርደው አነሰ፣ ጠዋት ስነሳ ወረቀቱ ተጨምዶ ጠበቀኝ። ደግሞም የፊኛ ቅርፅ የሰው ራስ ቅርፅ አይደለም።

ከዛ የሞከርኩት የሚሰራ ሆነ። ልጅቷን አስቀምጬ ፀጉሯ ላይ ፌስታል አደረግኩ (እስከ ግንባሯ ብቻ፣ አፍንጫና አፍ ፈፅሞ አይሸፈንም)፣ በላዩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ሁለት ዙር ለጠፍኩ፣ በእስክሪብቶ የቅንድብ መስመር፣ የጆሮ ቦታ፣ መሀል አናት ምልክት አደረግኩና ከኋላ በመቀስ ቀድጄ አወጣሁት። ያ ቅርፊት በትክክል የሷ ራስ ነው። መሬት ላይ ዘርግቼ በካርቶን ገለበጥኩት፣ ዙሪያው 52 ሴንቲ ነው፣ ለስፖንጅና ለጨርቅ ብዬ 1.5 ሴንቲ ጨመርኩ።

ሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 1

ካርቶኑን ገጣጥሜ በላዩ ላይ ወረቀት መደራረብ ጀመርኩ። ሙጫው የዱቄት ነው፣ አንድ ሲኒ ዱቄት በአምስት ሲኒ ውሃ እሳት ላይ እያማሰልኩ። ወረቀቱ በመቀስ አይቆረጥም በእጅ ነው የሚቀደደው፣ የተቀደደ ጠርዝ ስስ ስለሆነ ሲደራረብ መስመሩ አይታይም።

ስህተቴ መቸኮሌ ነው። በአንድ ቀን ስድስት ንብርብር ለጠፍኩ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ከሰዓት ከሰዓት ይዘንባል፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፣ ላይኛው ደርቆ ውስጡ አልደረቀም። አራተኛው ቀን ላይ ሸተተኝ፣ ቀድጄ ሳየው ውስጡ አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ ሻግቷል። ከሻጋታው በፊት ደግሞ ለማፋጠን ብዬ ከከሰሉ አጠገብ አስቀምጬው ስለነበር በአንድ ጎን ተጣሟል። ሱቅ ወስጄ አስመዘንኩት 640 ግራም ነው፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አንገት ይሄ በዛ። ጣልኩት። ሻጋታ ያለበትን ነገር ህፃን ራስ ላይ አድርቄ አልጭንም።

ሁለተኛው በኮላ። ሁለት እጅ ኮላ አንድ እጅ ውሃ፣ በቀን አንድ ንብርብር ብቻ፣ ሌሊት ኩሽና ውስጥ ገመድ ላይ አንጠልጥዬ ማሳደር። በአምስት ቀን አምስት ንብርብር። ኮላ እንደ ዱቄቱ ቶሎ አይሻግትም፣ ሲደርቅም ዱቄቱ የማይሰጠው ጥንካሬ አለው፣ ስለዚህ ስስ ሆኖ ይቆማል። ሚዛን ላይ 190 ግራም። ምንቃሩን ለብቻው ከካርቶን ጠቅልዬ ሰራሁ፣ የክሬኗ ምንቃር እንደ ሽመላ ረጅም አይደለም፣ አጠር ያለ ነው። ክፍተቱን በስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ ሞረድኩት። ስቱኮው ከቤት እድሳት የተረፈ ነበር።

ግንቦት 3፣ እሁድ

ዛሬ ሥራ ሳይሆን ማየት ነው፣ ግን ሥራውን ሁሉ የቀየረው የዛሬው ነው።

እስከ ዛሬ የምከተለው ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ፎቶ ነበር። ፎቶው ላይ ጉንጯ ነጭ ነው፣ ከጉሮሮዋ ስር ትልቅ ቀይ ነገር ተንጠልጥሏል፣ አንገቷ ግራጫ ነው። እኔም ከቀይ ጨርቅ የጉሮሮውን ሰርቼ ጨርሻለሁ፣ ቆንጆ አድርጌ ነው የሰፋሁት። ትናንት ማታ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚማር የጎረቤት ልጅ መጥቶ አየውና "ይቺ እኮ የኡጋንዳዋ ናት" አለኝ። ኡጋንዳ ባንዲራቸው መሀል ላይ ያለችው ግራጫዋ ባለዘውድ ክሬን ናት፣ የኛዋ ጥቁሯ ናት፣ ሌላ ዝርያ። አላመንኩትም ማለት አይደለም ግን በዓይኔ ማየት ፈለግኩ፣ ስለዚህ ሦስታችን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በባጃጅ ቦዬ ሄድን።

ጭጋግ ነበር። ዳር ዳሩ ለጡብ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ ውሃ ይዟል፣ ባሕር ዛፉም ከጎን እየገባ ነው፣ ከዛ ወዲያ ሳሩ ይጀምራል። አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። አራት መጡ። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ የተዋሰው ቢኖኩላር ነበረው፣ በተራ አየን። ጉንጯ ሁለት ቀለም ነው፣ ላይ ነጭ ታች ቀይ፣ ልጁ እንደነገረኝ በምዕራብ አፍሪካዋ ቀዩ ታችኛው ግማሽ ላይ ይቀራል፣ በሱዳንና በኢትዮጵያዋ ግን ወደ ላይኛው ግማሽም ይዘልቃል። ከጉሮሮዋ የተንጠለጠለው ትንሽ ነው፣ ከሩቅ አይታይም። ግንባሯ ጥቁር ሆኖ ልክ እንደ ከፋይ ጨርቅ ነው፣ ላባ አይመስልም። አንገቷ ጥቁር ግራጫ፣ ላባው ቀጭንና ረጅም። ዘውዱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ስንደዶ ነው፣ በቃ ስንደዶ።

ከሁሉ በላይ ልጅቷን የያዛት አካሄዷ ነው። እየሄደች መሬቱን በእግሯ ትረግጣለች፣ ቷ ቷ አድርጋ፣ ሳሩ ውስጥ ያለው አንበጣና ነፍሳት ሲዘል ትለቅመዋለች። ሌላም ልጁ የነገረን ነገር አለ፣ ከክሬኖች ሁሉ ዛፍ ላይ የምታድረው ባለዘውዷ ናት፣ የኋላ ጣቷ ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ መጨበጥ ትችላለች። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብላ የተመዘገበች ናት።

ልጅቷ ሳር ውስጥ የወደቀ ላባ ፈልገን እንጠቀም አለች። አይሆንም አልኳት። የሷን ላባ ለጌጥ ማንሳት ከለመድን ነገ የሚፈልገው ይበዛል፣ የዶሮ ላባ በቂያችን ነው። ተስማማች።

የሰፋሁትን ቀይ ጉሮሮ ፈታሁት። አንድ ሳምንት ማታ ማታ የሰራሁት ነው፣ ግን ልጆቹ መድረክ ላይ የቦዬን ወፍ እያሉ የሌላ አገር ወፍ ማሳየት የለባቸውም።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ልኬት። ሙሉ ፊት የሚሸፍን አድርጌ ነበር የሰራሁት፣ ምንቃሩ አፍንጫዋ ላይ፣ ዓይኗ ፊት ለፊት ባለ ቀዳዳ። አድርጋው "ቃልሽን በይ" አልኳት፣ ስድስት መስመር ንግግር አላት፣ አንዱንም አልሰማሁም፣ ድስት ውስጥ እንዳለች ነው። ጎን ደግሞ አይታያትም፣ ስትዞር በር ገጨች። አላማትም ግን ደነገጥኩ።

እዛው በመቁረጫ ከቅንድብ በታች ያለውን በሙሉ ቆረጥኩት። አሁን ኮፍያ መሰል ሆኗል፣ ምንቃሩ ከግንባሯ ወደ ፊት ይወጣል፣ የወፏ ዓይን ከልጅቷ ዓይን በላይ ጎንና ጎን ላይ ነው፣ ጉንጩ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል፣ የሷ ፊት ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። በርቀት ሲያዩት ራሷን ዝቅ ስታደርግ ነው ወፍ የምትሆነው፣ ልጅቷ ይሄን በራሷ አገኘችው፣ ዝቅ ብላ ስትረግጥ ደስ ይላል።

ይሄን ልኬት ካርቶኑን ከመደራረቤ በፊት ማድረግ ነበረብኝ። ካርቶን ባዶውን ጭንቅላቷ ላይ አስሬ ተናገሪ ብላት ኖሮ አንድ ሳምንት እቆጥብ ነበር።

ግንቦት 12 እስከ 15

ቀለም። ያለኝ ላባ ቀይ ቡናማና ነጭ ነው፣ የምፈልገው ጥቁር ነው።

አንደኛ ሙከራ ቡና። ጅማ ነን፣ ቡና አለ። የአንድ ሳምንት አተላ ሰብስቤ አፍልቼ ነጩን ላባ ሌሊቱን ነከርኩት። ያምራል ግን ቡናማ ነው፣ የደረት ነት ዓይነት ቀይ ቡናማ፣ ሁለት ሌሊት ባቆየውም አልጠቆረም። ደርቆ ካርቶን ውስጥ ገባ።

ሁለተኛ ሙከራ ይሄን ማንም እንዳይደግመው። ቀይ ቡናማውን ላባ መጀመሪያ ላንጣውና ከዛ ላጥቁረው፣ ቀለሙ እኩል ይይዛል ብዬ በረኪና ውስጥ ከተትኩት። ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ስመለስ ውሃው ላይ አረፋ አለ፣ ላባውን ሳነሳው ፀጉሩ እጄ ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ቀረ፣ መሀሉ ያለው ዘንግ ብቻ ተረፈ፣ እሱም ሲታጠፍ ይሰበራል። ላባ እንደ ፀጉርና ጥፍር ከኬራቲን የተሰራ ነው፣ በረኪና ደግሞ ኬራቲን ይበላል። ወደ 60 ላባ ሄደ፣ ከነዛ ውስጥ እማማ በደረቁ የነቀሉልኝ የአንገት ላባ አለበት። ለሳቸው ሄጄ ስነግራቸው "አይዞህ ልጄ፣ ዶሮ የሚታረድበት ቀን አያልቅም" አሉኝና ለሰርግ ዶሮ ለሚያርዱ ዘመዳቸው ደውለው ተጨማሪ አስመጡልኝ።

ሦስተኛ ሙከራ የፀጉር ቀለም። ኬራቲን ከሆነ ለፀጉር የሚሆነው ለላባም ይሆናል ብዬ ጥቁር የዱቄት የፀጉር ቀለም አራት ፓኬት አንዱን በ40 ብር ገዛሁ። ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ፣ ጓንት አድርጌ፣ ላባውን መጀመሪያ በንፁህ ውሃ አርሼ (ደረቅ ላባ ውሃ ቶሎ አያስገባም) 40 ደቂቃ። ሠራ! ቀይ ቡናማው ላይ የወጣው ጥቁር ከነጩ ይሻላል፣ ብርሃን ሲመታው ውስጡ ሞቅ ያለ ነገር አለው። አንዳንድ ሰው ቆዳው በዚህ ቀለም ስለሚቆጣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ሰባቴ አለቀለቅኩት፣ ጭንብሉንም ከውስጥ በጥጥ ጨርቅ ልለብጠው ወስኛለሁ፣ ላባው ቆዳዋን በቀጥታ እንዳይነካት። ከዛ እንደገና ሽንኩርት ጆንያ፣ እንደገና ጀበና።

ግንቦት 18 እስከ 29

መለጠፍ። ከሁሉ ረጅሙ ይሄ ነው።

ከግንባር ጀመርኩ፣ ስህተት። የወፍ ላባ ከምንቃር ወደ ኋላ ነው የሚተኛው፣ የኋለኛውን ስር የፊተኛው ይሸፍነዋል፣ እንደ ሳር ቤት ክዳን ማለት ነው። ክዳን ደግሞ ከታች ነው የሚጀመረው። እኔ ከላይ ስለጀመርኩ ሁለተኛውን ረድፍ የመጀመሪያው ስር ማስገባት አቃተኝ፣ የላባው ስር ሁሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሦስት ረድፍ ነቀልኩ። ከማጅራት ጀምሬ ወደ ፊት ስመጣ ራሱ መንገዱን ያሳያል፣ እያንዳንዱ ረድፍ የበፊቱን ሙጫ ይደብቃል።

በሽጉጡ ሙጫ ሁለት ረድፍ ሞክሬ ተውኩት። ጣቴን አቃጠለኝ፣ እንደ ሸረሪት ድር ክር ይለቃል፣ ሲደርቅ እብጠት ይሆንና ላባው ቀና ይላል፣ መብራት ደግሞ በቀን ሁለቴ ሲጠፋ ሙጫው አፍንጫው ውስጥ ይደርቃል። ኮላ ቀርፋፋ ነው ግን ላባውን ያስተኛዋል። አሠራሬ፦ የላባውን ስር በመቀስ አሳጥሬ፣ ዘንጉን በጥፍሬ ጠፍጠፍ አድርጌ፣ ጫፉን ኮላ ነክሬ በወረንጦ ማስቀመጥ፣ አስር ላባ ከለጠፍኩ በኋላ ለትንሽ ጊዜ በጨርቅ ተጭኖ መያዝ። በማታ ሁለት ረድፍ ብቻ። ሙጫውን አብዝቼ ስቀባ ላባው ውስጥ ይወጣና ያጣብቀዋል፣ የምስር ፍሬ ታህል ነጠብጣብ ይበቃል።

ለአንገቱ የአንገት ላባ፣ በማጅራቱ ከትከሻዋ ከፍ ብሎ እንዲወርድ አድርጌዋለሁ። ግንባሩ ላይ ላባ አልለጠፍኩም፣ ቦዬ ላይ እንዳየነው ከፋይ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ራሱን ጥቁር ከፋይ ግማሽ ሜትር በ220 ገዝቼ አለበስኩት። የከፋዩ ፀጉር ወደ ኋላ እንዲተኛ አቅጣጫውን በእጅ እየዳበሱ መቁረጥ ያስፈልጋል፣ ተገልብጦ ከተለጠፈ ግራጫ ሆኖ ይታያል።

ለጉንጩ አጂፕ አካባቢ ያለ ጫማ ሰፊ የተረፈ ነጭ ቆዳ በነፃ ሰጠኝ፣ "ለልጅ ከሆነ ውሰድ" ብሎ። ቆዳ መሆኑ ጥሩ ሆነ ምክንያቱም የወፏም ጉንጭ ላባ የሌለው ቆዳ ነው። ቀዩን ቀባሁ፣ ከታች ተነስቶ ከግማሽ በላይ እስኪዘልቅ። ዓይኗ ፈዛዛ ነው፣ የካፖርት ነጭ ቁልፍ መሀሉን በጥቁር ቀለም ሞልቼ በላዩ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ደረብኩበት፣ እርጥብ ዓይን መሰለ። ልጅቷ ስታየው "አየችኝ" ብላ ሮጠች።

ሰኔ 2 እስከ 6

ዘውዱ። ስንደዶ ከመርካቶ አንድ እስር 100 ብር። 13 ሴንቲ ቆርጬ ክብ ካርቶን ላይ በወስፌ እየበሳሁ በሙቅ ሙጫ ተከልኩት፣ 150 ዘንግ ይሆናል። ሲያልቅ ቆንጆ ነበር፣ ፎቶም አነሳሁት። በማግስቱ ልጅቷ በር ስታልፍ መቃኑ ነካውና ወደ 40 የሚሆነው ከስሩ ቀጭ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

እማማ ሰፌድና ሞሶብ ይሰፋሉ፣ አምጥቼ አሳየኋቸው። ስንደዶ ሲሰፋ ውሃ እንደሚነካ አውቅ ነበር፣ እሳቸው ግን ዘንጉን ሳይሆን ስሩን ነው ያዩት። ጣታቸውን ካርቶኑ ላይ አሳርፈው "ይሄ አይሰጥም፣ የማይሰጥ ነገር ላይ የተተከለ ይሰበራል" አሉ። እውነት ነው፣ የተሰበሩት ሁሉ ከካርቶኑ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ያረጀ ነጠላ ጫማ ፈልጌ ከተረከዙ ክብ ቆረጥኩ፣ ስፖንጁ ሁለት ሴንቲ ውፍረት አለው። በወስፌ ወደ ውጪ ዘንበል ዘንበል እያደረግኩ በሳሁ፣ መሀሉ ቀጥ ያለ ዳሩ እየተኛ የሚሄድ፣ ያኔ ነው እንደ ፀሐይ ጨረር የሚበተነው። አዲስ እስር ገዝቼ (ሌላ 100 ብር) ስንደዶውን ውሃ ነክሬ፣ ጨርቅ ውስጥ አሳድሬ፣ በቀጭን ኮላ አንዴ ነክሬ አደረቅኩት፣ ርዝመቱንም ወደ 11 ሴንቲ ቀነስኩ። አንድ በአንድ 160 ዘንግ። አሁን በእጄ ስገፋው ሁሉም ይተኛና ስለቀው ይነሳል። ከመቃን ጋር አሥር ጊዜ ሆን ብዬ አጋጨሁት፣ አንድ ብቻ ተሰበረ።

ሰኔ 7

ትምህርት ቤት ልምምድ። ጠዋት ሹሩባ ተሰርታ መጣች። ልኩን የወሰድኩት ፀጉሯ ተፈትቶ ነበር፣ ሹሩባው ላይ አልገባም አለ፣ ሲጫን ደግሞ አመማት። ከኋላ መሀል ላይ 8 ሴንቲ ሰንጥቄ ሰፊ ላስቲክ ሰፋሁበት፣ ስንጥቁን የአንገት ላባ ስለሚሸፍነው አይታይም። አሁን ሹሩባም ሆነ ፍት ፀጉር ይገባል። ሙሉ ክብደቱ 310 ግራም።

እስካሁን ወጪ፦ ሽጉጥ 650፣ ስቲክ 250፣ ኮላ 180፣ ፕላስተር 140፣ አክሪሊክ 270፣ ብርጭቆ ወረቀት 60፣ ከፋይ 220፣ የፀጉር ቀለም 160፣ ስንደዶ 200፣ በረኪና 45። 2175 ብር። ሽጉጡና ስቲኩ ባይኖሩ 1300 አይሞላም ነበር፣ ዘውዱም በመጨረሻ በኮላ ነው የተተከለው።

ሰኔ 21

ድራማው ታየ። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር በፌስታል ሸፍኜ በባጃጅ ወሰድኩት። አምስት ደቂቃ አካባቢ ነው መድረክ ላይ የቆየችው። ወጣችና መጀመሪያ ምንም አልተናገረችም፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ መድረኩን ረገጠችው፣ ቷ ቷ፣ ልክ እሁድ ጠዋት እንዳየናት፣ የሳንቃው ድምፅ እስከ ኋላ ተሰማ፣ ወላጆች ዝም አሉ። ከኋላዬ የተቀመጡ አባት ለልጃቸው "ይቺ የቦዬዋ ናት፣ እኛ ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ እናያት ነበር" ሲሉ ሰማሁ። ስድስቱንም መስመር ተናገረች፣ ሁሉም ተሰማ። እማማ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

ሰኔ 24

ጥገናና ማስቀመጥ። ሦስት ስንደዶ ጎድሏል፣ ቀኝ ጉንጭ ላይ ቀዩ ቀለም ተሰንጥቋል (ቆዳው ሲታጠፍ፣ በቀጭኑ መቀባት ነበረበት፣ አሁን ሁለት ስስ ቅብ ደረብኩ)። ስንደዶውን ቀየርኩ። ከውስጥ ያለው የጥጥ ጨርቅ በላብ ስለረጠበ በፀሐይ አደረቅኩት። ካርቶን ውስጥ ራስ የሚመስል የተጠቀለለ ጨርቅ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን በጨርቅ ቋጥሬ ጥግ ላይ፣ ላባውን እንዳይነካ። ክረምቱን እርጥበት እንዳይገባው ከመሬት ከፍ አድርጌ ቁም ሳጥን ላይ ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ አውጥቼ አናፍሰዋለሁ።

ዛሬ ልጅቷ ካርቶኖቹን ስትጎረጉር በቡና የነከርኩትን ላባ አገኘችው፣ የማይሆነውን ቡናማ። "ጋሼ ይሄ እኮ ክንፏ ላይ ያለው ነው" አለችኝ። ልጁ የሰጠንን ፎቶ አወጣን፣ እውነቷን ነው፣ ክንፏ ሲዘረጋ ከነጩ ቀጥሎ እንዲህ ያለ ቀይ ቡናማ ላባ አለ። ቆጠርን፣ 64 ነው፣ ለሁለት ክንፍ ገና ነው። ግራና ቀኝ ለየን። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ለሚያርዱ አምስት ቤቶች ከወዲሁ ነግሬያለሁ፣ የክንፉን ሙቅ ውሃ ሳይነካው በደረቁ።